ሰውዬው ወዴት እየሄደ ነው?

እግዚአብሔር ብርሃንን ከጨለማ በለየበት ቀን ዶን ኤርሞሄነስ ፕላታ በአካባቢው አለመኖራቸው ለፍጥረት ሁሉ ትልቅ ዕድል ነው። ቢኖሩ ኖሮ እጃቸውን አንሥተው፣ «ቆይ፣ ቆይ፣ ጌታዬ። ማምሻስ?» ይሉ ነበር። ማምሻ ከየትኛው ወገን እንደሚቆጠር ክርክሩ ሳያልቅ ሁለተኛው ቀን ባልጠባ፣ ዓሣም ባልዋኘ፣ እኔም ይህን ለመጻፍ ባልተፈጠርኩ ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት አገር የለም። በየቤተሰቡ አንድ፣ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ፣ በየጸሎት ማኅበሩ ደግሞ ሁለት ይገኛል፤ እርስ በርሳቸው እንዲከራከሩ ይመስለኛል። ውሸታም አይደለም፣ ሰነፍም አይደለም፣ ክፉም አይደለም። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፦ ቀጥተኛ ጥያቄ ሲቀርብለት ቀጥተኛ መልስ መስጠትን እንደ ነውር ይቆጥረዋል። ውሃው ሞቋል ወይ ብትሉት፣ «ለመላጨት ነው ለመታጠብ?» ይላል። እየዘነበ ነው ወይ ብትሉት እጁን በመስኮት አውጥቶ ያቆያል፤ እናንተ በስብሳችሁ ስትመለሱ እሱ ገና አልወሰነም። የዚህ ሁሉ ወገን መፈክር ሁለት ቃል ናት፤ «እንደ ሁኔታው» የምትል።

ለእኛ፣ ለኮሎምቢያዋ ቡካራማንጋ ከተማ ሰዎች፣ የደረሱን ክቡር ዶን ኤርሞሄነስ ናቸው።

በጎልማሳነታቸው የሰፈር እግር ኳስ ዳኛ ነበሩ። ፊሽካቸውን የሰማ ሰው ግን አላጋጠመኝም። አንድ ጊዜ ኳሷ የግቡን መስመር አልፋለች፣ አላለፈችም የሚል ጠብ ተነሣ። ዶን ኤርሞሄነስ ተንበርክከው መስመሩን መረመሩት። ኖራው ወፍራም ስለነበር የሚቆጠረው የውስጡ ጠርዝ ነው ወይስ የውጭው የሚለው ሳይፈታ መሸ። ሁለቱም ቡድኖች አሸነፍን ብለው ጨፈሩ፤ ሁለቱም ቡድኖች ተባብረው ዳኛውን አባረሩ። በዚያ ሜዳ ታሪክ ሁለቱ ቡድኖች የተስማሙበት ብቸኛው ጉዳይ ይህ ነው ይባላል።

ቅዳሜ ከሰዓት ኑዛዜ ሲኖር ደግሞ ከእሳቸው ኋላ የሚሰለፍ የዋህ አዲስ ሰው ብቻ ነው። ቄሱ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ዋሽተዋል ወይ?» ብለው ሲጠይቁ በመጋረጃው በኩል፣ «ለማን፣ አባቴ?» የሚል መልስ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ያሉት ሰልፈኞች ኃጢአታቸውን እንደያዙ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ።

እንግዲህ እንዲህ ያሉ ሰው ምን ሥራ ቢሠሩ ይሻላል? የሰዓት እድሳት? የአትክልት ጥበቃ? እግዚአብሔር ግን ቀልድ ይወዳል፤ እሳቸውን ልብስ ወደሚሰየምበት ክፍል አመጣቸው።

ክፍላችን ከጫማ መደብር በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከባሕር ማዶ ያለ፣ በኢንተርኔት ልብስ የሚሸጥ አንድ ድርጅት፣ ፎቶ አይቶ የልብሱን ዓይነት የሚለይ ማሽን መሥራት ፈልጓል። ማሽኑ ዓይን እንጂ ልብ የለውም፤ ስለዚህ እኛ እናስተምረዋለን። ፎቶ ይመጣልናል፤ ከሥሩ አምስት ሳጥን አለ፦ የዘወትር፣ የሥራ፣ የክት፣ የስፖርት፣ የመኝታ። አንዱን ፎቶ ሦስት ሰው ለየብቻው ያየዋል። ሦስቱም አንድ ሳጥን ከነኩ ያልፋል፤ ካልተስማሙ ተመልሶ ይመጣና እንነጋገርበታለን። ዶን ኤርሞሄነስ ወደዚህ ሥራ የገቡት «እንነጋገርበታለን» በምትለው በር ነው፤ ከገቡም በኋላ በሩን ይዘው ቆሙ።

እኔ በበኩሌ ሥራውን እወደዋለሁ። ጸጉሩ የሸበተ፣ የትምህርት ቤት ወረቀት የሌለው፣ ያወቀውን ሁሉ ከተውሶ መጽሐፍ ያወቀ ሰው በጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ዓለምን በመስኮት እንደሚያይ ሆኖ እየተማረ ሲሠራ «ተመስገን» ማለት ይገባዋል። ጠዋት ጠዋት ደረጃውን ስወጣ እላለሁ። ከእኔ በስተግራ ሌዮኒልዴ ትቀመጣለች፤ ምላሷ መቀስ የሆነች፣ ልቧ ግን ዳቦ የሆነች ሴት ናት። በስተቀኝ ክቡርነታቸው ናቸው። ለምን እንደዚህ እንደተቀመጥኩ በጸሎቴ ጠይቄ አውቃለሁ፤ መልስ አልመጣም።

አንድ ቀን አንድ ወፍራም ጎልማሳ የከተማችንን ቡድን ቢጫ ማሊያ ለብሶ መንገድ ዳር ቆሞ የሚያሳይ ፎቶ ተመልሶ መጣ። እኔና ሌዮኒልዴ «የስፖርት» ብለን ነክተናል። ክቡርነታቸው አልነኩም።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ። «ሰውዬው ወዴት እየሄደ ነው?»

«ወደ ስታዲየም ነዋ!» አለች ሌዮኒልዴ። «ማሊያ ለብሶ ወዴት ይሂድልዎ? ወደ ጥርስ ሐኪም?»

«ስታዲየም ሄዶ ስፖርት ይሠራል?»

«ያያል።»

«አዩ! ይቀመጣል፣ ኤምፓናዳ ይበላል፣ የዳኛውን እናት ይሳደባል። ይሄ ስፖርት ከሆነ እኔ ሯጭ ነኝ።»

«እርስዎማ ዳኛ ስለነበሩ የእናትዎ ነገር ቆጭቶዎት ነው።»

«እናቴን ይተዉልኝ። ማሊያውን ይዩት፤ ተተኩሷል። ሱሪው ውስጥ ገብቷል። ቀበቶ አለ። ጫማው ቀለም ጠጥቷል። ይሄ ሰው መጀመሪያ ቅዳሴ ያስቀድሳል፤ ኳሱ ከዚያ በኋላ ነው። ታዲያ የክት አይደለም?»

የሚያበሳጨው፣ እኔ ራሴ ባለፈው እሑድ እንደዚያው ሆኜ ሦስተኛው መቀመጫ ላይ ማስቀደሴ ነው። ማሊያዬ ተተኩሶ ነበር። ስለዚህ እጅ ሰጥቼ «የክት» ብዬ ለወጥኩ። ሌዮኒልዴ ግን በስፖርቷ ጸናች። ዶን ኤርሞሄነስ እኔን ካሳመኑ በኋላ ፎቶውን አንዴ ደግመው አዩና፣ «የጸሎት መጽሐፍ ግን አልያዘም» ብለው «የዘወትር» ነኩ። ሦስት ሰው፣ ሦስት ሳጥን።

እኛ አገር ሰው ልጁንም፣ ውሻውንም «አንቱ» ብሎ ስለሚጠራ ስድባችን ሁሉ በአክብሮት ነው። የዚያን ቀን ሌዮኒልዴ ለክቡርነታቸው ያለቻቸውን ሁሉ ግን እዚህ ለመጻፍ አክብሮቱ አይበቃም።

ሌላ ጊዜ ጸጉሯ በቢጎዲን የተጠቀለለ፣ አበባ አበባ ፒጃማ የለበሰች ሴት ከሱቅ ወተት ስትገዛ መጣች። እንዲህ ያለውን ፎቶ ሕፃን ልጅም ይፈርደዋል።

«ተኝታለች እንዴ?» አሉ ዶን ኤርሞሄነስ።

«ፒጃማ ነው የለበሰችው!» አልኩ።

«ቆማለች። ገንዘብ ይዛለች። ሊፒስቲክ ተቀብታለች። ባለሱቁን ደግሞ ይመልከቱት፤ ጸጉሩን እያስተካከለ ነው።»

«እና?»

«እናማ እንደ ሁኔታው ነው። ለእሷ የመኝታ ነው፤ ለባለሱቁ የክት ነው።»

ምሳ ሰዓት ላይም ዕረፍት የለም። አስተናጋጇ «ሾርባ ነው ሁለተኛ ምግብ?» ስትላቸው ሙቴያችንን፣ ሆድ ዕቃና ሽምብራ፣ በቆሎና ድንች የሞላበትን ያንን ወፍራም የሳንታንዴር ምግብ እያዩ፣ «ማንኪያ ተተክሎ የሚቆምበት ነገር ሾርባ ይባላል?» ይላሉ። ከኋላ የተሰለፈው ሕዝብ መልሱን በጩኸት ይነግራቸዋል።

ለፍትሕ ስል ይህን ልጨምር፦ ከድርጅቱ የተላከልን መመሪያም የዋዛ አልነበረም። «የክት ማለት ለልዩ ቀን የሚለበስ ነው» ይላል። ልዩ ቀን የቱ እንደሆነ ግን አይናገርም። መመሪያውን የጻፈው ሰው በተወለደበት አገር ልዩ ቀን ብዙ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ዝቅ ብሎ «ጂንስ ምን ጊዜም የዘወትር ነው» ይላል። «ምን ጊዜም» የምትለዋን ቃል ዶን ኤርሞሄነስ ባነበቡ ቁጥር የጥርስ ሕመም እንደያዘው ሰው ጉንጫቸውን ይይዙ ነበር።

በኖቬምበር መጀመሪያ ላይ የክፍሉ ኃላፊ ዮሊማ ፊቷ ጠቁሮ ገባች። ዮሊማ ከሁላችንም ታንሳለች፤ በዕድሜ የእኔ ልጅ ልትሆን ትችላለች፤ ግን እንደ እናት ነው የምትጨነቅልን።

«የክፍላችን ስምምነት ከሁሉም ክፍል ዝቅ ያለው ነው» አለች። «ከገና በፊት ይመረምሩናል። ካልተሻሻለ ክፍሉን ይዘጉታል። ሁላችንም ቤታችን ነን።»

ሌዮኒልዴ የልጇን የነርስነት ትምህርት የምትከፍለው ከዚያች ወንበር ላይ ነው። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ከዚህ ወርጄ የት እንደምወጣ አላውቅም ነበር። ቀስ በቀስ ሁሉም አንገት ወደ አንድ ወንበር ዞረ።

«ምነው?» አሉ ክቡርነታቸው። «ጥፋቱ የእኔ ነው?»

«አይ» አለች ሌዮኒልዴ። «እንደ ሁኔታው ነው።»

ሰው በሰው ሲያቅተው ወደ እግዚአብሔር ይሄዳል። በማግሥቱ እሑድ ዶን ኤርሞሄነስን አውቶቡስ አሳፍሬ ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ ሂሮን ይዣቸው ሄድኩ፤ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ባለው የተአምራት ጌታ ምስል ፊት ስለት እንዲገቡ። ምርመራው እስኪያልፍ ድረስ ያችን ጥያቄያቸውን ላይጠይቁ ይምላሉ። ቀላል ስለት ነው፤ ጉልበታችን ላይ እስክንንበረከክ ድረስ ቀላል መስሎኝ ነበር።

«ጌታዬ ሆይ» ብለው ጀመሩ፤ «ክፍላችን እስኪመረመር ድረስ ‹ሰውዬው ወዴት እየሄደ ነው› አልልም። ሥራ ቦታ ማለቴ ነው። ደረጃው ላይ ከሆንኩ ግን…»

«ዶን ኤርሞሄነስ!»

«ድንበሩን እያሰመርኩ ነው እንጂ!»

«ጌታ ድንበር አያስፈልገውም።»

«ጌታማ አያስፈልገውም። ለእኔ ነው። ደግሞ ሴት ከሆነችስ? ‹ሴትዮዋ ወዴት እየሄደች ነው› ማለት ከስለቱ ውስጥ ነው ከውጭ?»

ሻማ የያዙ እናቶች ዞረው ገላመጡን። አንዷ፣ «ሰውዬውን ያመጡት እንዲምል ነው ወይስ እንዲሟገት?» አለችኝ። በመጨረሻ አሜን ተባለ። እኔም ከጎናቸው ሆኜ የራሴን ጸሎት ጨመርኩ፤ ስለታቸውን የሚያጸና ኃይል እንዲሰጣቸው፣ ለእኔም ያንን ጸጥታ አይቼ የማመሰግንበት ዕድሜ እንዲሰጠኝ።

ቃላቸውን ጠበቁ፤ ይህን አልክድባቸውም። ፎቶ ሲመጣ ከንፈራቸው ይጠብቃል፣ አንገታቸው ይቀላል፣ የደም ሥራቸው ይገተራል፣ ከዚያ ማውሱን እንደ ትኩስ ድንጋይ ነክተው ይለቁታል። የስፖርት፣ የሥራ፣ የዘወትር፣ ቀጥሎ። አብረን እንስማማለን፤ ተመልሶ የሚመጣ ፎቶ ጠፋ። ዮሊማ ኮሪደሩ ላይ ማንጎራጎር ጀመረች። ክፍሉ እንደ መቃብር ስፍራ ጸጥ አለ፤ እኛም እንደ መቃብር ሰዎች ተመቸን።

ዲሴምበር ገባ። ሌዮኒልዴ ቡኙዌሎ የሚባለውን የአይብ ብስኩት እየጠበሰች ታመጣለች፤ ጣታችን ቅባት በቅባት ሆኖ እንነካለን። በዚያ ሰሞን አንድ ፎቶ መጣ። ወጣት ሰው መብራት በተንጠለጠለበት በር ፊት ቆሟል። ጠቆር ያለ ሰማያዊ ጂንስ ለብሷል፤ ሱሪው ገና አልለዘበም፣ ከመደብር ሲወጣ የታጠፈበት መስመር ጉልበቱ ላይ ይታያል። ነጭ ጫማ። ባለኮሌታ ሸሚዝ። እጁን የት እንደሚያስቀምጥ ግራ ገብቶታል፤ ካሜራ ፊት እንዲቆም የታዘዘ ሰው አኳኋን ነው።

ይህን አይቶ የሚያመነታ የአገራችን ሰው የለም። የሃያ አራት ልብስ ነው። በዲሴምበር ሃያ አራት፣ በገና ዋዜማ፣ አዲስ ያልለበሰ ሰው እኛ ዘንድ ወይ ታሟል፣ ወይ ሐዘን ላይ ነው። ድሀው ዓመቱን ሙሉ ያስባል፤ ያችን ሱሪ ይገዛል፤ ለብሶ በር ላይ ይወጣና ጎረቤት እንዲያየው ይቆማል። እኔ «የክት» ነካሁ። ሌዮኒልዴም «የክት»። ዶን ኤርሞሄነስም ከንፈራቸውን ነክሰው «የክት»። እንዲህ ያለ ፎቶ በዚያ ሳምንት ብዙ መጣ፤ ሁሉንም በአንድ ልብ አሳለፍነው።

የምርመራው ቀን ሲደርስ ከድርጅቱ አኒካ የምትባል ሴት በግድግዳው ትልቅ ስክሪን ላይ መጣች። ስፓኒሽ ከእኛ ይልቅ አስተካክላ ትናገራለች። ልታመሰግነን ነው ብለን ልብሳችንን አሳምረን ነበር የመጣነው።

«ይሄ ጂንስ ሱሪ ነው» አለች፤ የዚያን ወጣት ፎቶ ከፍታ። «መመሪያው ጂንስ ምን ጊዜም የዘወትር ነው ይላል። አንድ ሰው ቢሳሳት ይገባኛል። ሦስት ሰው ግን እንዴት በአንድ ዓይነት ይሳሳታል? አንድ ፎቶ ቢሆን ዝም እል ነበር፤ እንደዚህ ያለው ሁሉ እንዲሁ ነው። በአንድ ፎቶ ተስማምታችሁ የማታውቁ ሰዎች ድንገት መለያየት ተዋችሁ። አንድ ሰው እየነካ ሌሎቻችሁ እየኮረጃችሁ ነው። እንዲህ ከሆነ ክፍሉን ዛሬ ለመዝጋት እገደዳለሁ።»

ዮሊማ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

አኒካ ጨካኝ አይደለችም። ሌላው እንዳይሰማ በር እያዘጋች አንድ በአንድ ጠየቀችን። እኔ ገባሁና እውነቱን ተናገርኩ፦ «የሃያ አራት ልብስ ነው።» ወጣሁ። ሌዮኒልዴ ገባች። በሩ ቀጭን ስለሆነ ሰማኋት፦ «የሃያ አራት ልብስ ነው፣ እመቤቴ!» ሌላም ሰው ገባ፤ የሃያ አራት ልብስ ነው። ዮሊማም ገባች፤ የሃያ አራት ልብስ ነው። በተናገርን ቁጥር የአኒካ ፊት እየጠቆረ ሄደ።

ሁላችንንም ጠርታ፣ «ሰበቡን ጭምር በቃላችሁ አጥንታችሁታል» አለች።

ከዚህ ምን ይባላል? እውነቱን አሁንም ብንደግመው የተለማመድን ሌቦች መምሰላችን ነው። ሌዮኒልዴ ቡኙዌሎውን የያዘውን ሳህን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። ያልተጠየቁት ዶን ኤርሞሄነስ ብቻ ነበሩ። ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ።

«እርስዎስ?» አለች አኒካ። «ምን ዓይነት ልብስ ነው?»

«የክት» አሉ። ከንፈራቸውን ገጠሙ። የአንገታቸው ሥር ተገትሯል።

እኔም ሄጄ ጆሯቸው ሥር ጎንበስ አልኩ። «ዶን ኤርሞሄነስ፣ ይናገሩ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ስለ እግዚአብሔር ብለው!»

«ስለቴስ?» አሉ በሹክሹክታ። «ምርመራው መቼ አለቀ?»

«በሬው ጉድጓድ ገብቷል፣ ወንድሜ። በሰንበትም ቢሆን ይወጣል፤ ወንጌል ነው።»

በፊታቸው ላይ አንዳች ብርሃን ቀስ እያለ ወጣ፤ ከረጅም ጾም በኋላ የሥጋ ሽታ የደረሰው ሰው ብርሃን ነበር። «አዎ…» አሉ። «ግን በሬው የማን እንደሆነ…»

«በሬው እኛ ነን!» ብላ ሌዮኒልዴ ጮኸች። «እኛ ነን በሬው፣ ይጎትቱን!»

ዶን ኤርሞሄነስ መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ስክሪኑ ዞሩ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ እመቤቴ። ሰውዬው ወዴት እየሄደ ነው?»

«ማን?» አለች አኒካ።

«ሰውዬው። ሱሪውን መስቀያ ላይ አላገኙትም፤ ሰው ለብሶታል። እነዚህ ሁሉ የሃያ አራት ነው አሉዎት። እኔም ዝም ብዬ ነካሁ። አሁን ልብ ብዬ ሳየው ግን የሃያ አራት አይመስለኝም።»

«ምን?» አልኩ እኔ።

«ሃያ አራት ቢሆን ሸሚዙም አዲስ ይሆን ነበር። ይሄ ኮሌታ ታጥቧል። ሱሪው ብቻ ነው አዲሱ። ሰውዬው የሠላሳ አንድ ነው።»

«ሠላሳ አንድ!» ሌዮኒልዴ ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ ጣል አደረገችው። «የአዲስ ዓመት ዋዜማ ከሆነ ለዕድል የሚለበሰው ቢጫ የት አለ?»

«ቢጫ ከውስጥ ነው የሚለበሰው፣ ሌዮኒልዴ። እርስዎ ውስጡን በየት አዩት?»

«አፍዎን ይታጠቡ!»

«መብራቱን ለምን አታዩም?» ብላ ዮሊማ ጣልቃ ገባች፤ ኃላፊነቷን ረስታለች። «በሩ ላይ ሻማም አለ። ዲሴምበር ሰባት ነው፣ የሻማው ምሽት!»

«በሻማው ምሽት ማን አዲስ ሱሪ ይለብሳል? ሰም ሊያንጠባጥብበት?»

«ሰውዬው አማቱ ቤት ነው የሚሄደው» አልኩ እኔ፤ ለምን እንደገባሁበት አላውቅም። «ሸሚዙን ሚስቱ አጥባ ተኩሳለታለች። ግልጽ ነው።»

«አማት ቤት በነጭ ጫማ?» አሉ ዶን ኤርሞሄነስ። «የእርስዎ አማት የሚኖሩት ደመና ላይ ነው? ደግሞ ይህን ሱሪ በጃንዋሪ ቢያዩት፣ እመቤቴ፣ ያው ሱሪ የዘወትር ይሆናል። በማርች አጥር ሲቀቡበት የሥራ ነው። ሰውዬው ሰክሮ ከነሱሪው ቢያድርበት ደግሞ…»

«የመኝታ ሊሉ ነው!» አለች ሌዮኒልዴ። «አምላኬ፣ እውነትም የመኝታ ሊሉ ነው!»

«እንደ ሁኔታው ነው አልኩ እንጂ!»

ከዚህ በኋላ የሆነውን በሥርዓት መተረክ አልችልም። ሁሉም ቆሟል፤ ሁሉም ጣቱን ስክሪኑ ላይ ቀስሯል። ከኋላ ያሉት ስለ ጫማው፣ ከፊት ያሉት ስለ አማት ይጣላሉ። ከታች ያለው ባለጫማ መደብር ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት መደብደብ ጀመረ። አኒካን ሁላችንም ረስተናታል። ስናስታውሳት መነጽሯን አውልቃ ግንባሯን በመዳፏ ይዛ ነበር።

«ይቅርታ» አለች። «ሁልጊዜ እንዲህ ናችሁ?»

ግማሾቻችን «አዎ» አልን። ግማሾቻችን «ኧረ በጭራሽ» አልን።

ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀች ነው። «እናንተ አልተኮራረጃችሁም» አለች። «እናንተ ሰላምታ እንኳ መኮራረጅ አትችሉም።» ከዚያ ዶን ኤርሞሄነስን፣ ዲሴምበር ሰባት፣ ሃያ አራት፣ ሠላሳ አንድ ያልነው ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው እንዲያስረዷት ጠየቀች። ምን ዓይነት በር እየከፈተች እንደሆነ አላወቀችም። ስክሪኑ የጠፋው ቀትር ካለፈ፣ ቡኙዌሎው ከቀዘቀዘ፣ እኛም እያንዳንዳችን ወንበራችን ላይ ከተዘረርን በኋላ ነው። ክፍሉ ግን አልተዘጋም። ሌዮኒልዴ የአንገቷን መስቀል እየሳመች አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ ክቡርነታቸውን ስለ ውስጥ ልብሱ ጉዳይ ልትጨርሳቸው ዞረች።

ከገና በኋላ ትእዛዝ መጣ። «ምን ጊዜም» የምትለዋ ቃል ከመመሪያው ወጣች። አከራካሪ ፎቶ ሁሉ ተለቅሞ ወደ ዶን ኤርሞሄነስ ይላካል፤ እሳቸውም አከራካሪነቱን ያብራራሉ። ለዚህም የጫማ ካርቶን ይከማችባት የነበረች ትንሽ ክፍል ተጠርጋ ተሰጠቻቸው፤ በር ያላት። ሌዮኒልዴ «ጠቅላይ ፍርድ ቤት» የሚል ወረቀት ለጠፈችበት። ዮሊማ በጆሮዬ፣ «እንግዲህ አረፉ፣ ዶን ሳቱርኒኖ» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ አረፍኩ። በማግሥቱ ጠዋት ደረጃውን ወጥቼ፣ «ተመስገን» ብዬ ተቀመጥኩ። በስተቀኜ ባዶ ጠረጴዛ። ማንም አያቋርጠኝም። የነካሁትን ነክቼ አልፋለሁ።

ከምሳ በፊት አንዲት ሴት መጣች። ዕድሜዋ የገፋ ናት። የቤት ጋውን ለብሳለች፤ ጋውኑ ክርኑ ላይ ተጥፏል። አንገቷ ላይ ሉል አለ። ፀጉሯ ተሠርቷል። መጥረጊያ ይዛ ደጇን እየጠረገች፣ ዓይኗ ግን መሬት ላይ አይደለም፤ የመንገዱን ጫፍ እያየች ነው። እጄ ማውሱ ላይ ቆመ። የዘወትር? የሥራ? ሉሉስ? ደግሞ እየመጣ ያለው ማን ነው?

ፎቶውን ወደ ትንሿ ክፍል ላክሁት። መላኩ ይበቃ ነበር፤ ደንቡም ያ ብቻ ነው። እኔ ግን ወንበሬን ተሸክሜ ሌዮኒልዴ አፏን ሳትከፍት በአጠገቧ አለፍኩ፤ በሩንም በጉልበቴ ገፋሁት።

«አንዲት እመቤት አምጥቼልዎታለሁ» አልኩ።

ዶን ኤርሞሄነስ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉና ስክሪኑን ወደ እኔ አዘነበሉት። ከሉሉ እስከ መጥረጊያው አዩአት።

«በሩን ይዝጉት» አሉ። «ይህቺ አትቸኩልም።»

ዘጋሁትና ወንበሬን አስጠጋሁ።